ድንጋዩ ለማን ነው

እሑድ፣ ማርች 8፣ 2015

ተዋረድሁ። ትናንት ሰንበት ከወጣ በኋላ ቤቴ የሰርግ ቤት ይመስል ነበር። ልጄ ኢዳን ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ኮርስ ተቀባይነት አግኝቶ፣ የሰፈራችን የክርያት ሞሼ ግማሹ ሰው ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጦ እየበላ እየጠጣ መረቀው። ዛሬ ልጄ ፖሊስ ጣቢያ ነው። አብሮ አደጌ አምባው ሆስፒታል ተኝቷል፤ ዳሌው ተሰብሯል፣ ጭንቅላቱም ተመትቷል። መኪናዬ ወደ መዝከረት ባትያ በሚወስደው መንገድ ዳር ከመብራት ምሰሶ ጋር ተጣብቃ ቀርታለች።

አምባውን ወደ ቤቱ ሊያደርስ ነው የወጣው። ሰክሮ! የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ፣ ከጦር ሠራዊት በክብር የወጣ ልጅ፣ ሽማግሌ አሳፍሮ ሰክሮ ይነዳል? ፖሊሶቹ ያንሹፍ በሚሉት መሣሪያ አስነፍተውት መጠጥ ተገኝቶበታል። ያንሹፍ በዕብራይስጥ ጉጉት ማለት ነው። ጉጉት ደጃፍ ላይ ከጮኸች ደግ ወሬ አይመጣም ይሉ ነበር እናቶቻችን፤ ይኸው መጣ።

ጣቢያ ገብቼ ሳየው ግንባሩ ላይ ደም ደርቋል። አላዘንሁለትም። በጥፊ አጮልሁት፤ ደገምሁት። አንዱ ፖሊስ እጄን ይዞ፣ «አዶኒ፣ ጌታዬ፣ እዚህ አገር ይሄም ያስከስሳል» አለኝ። አባት ልጁን ቢቀጣ እሱ ምን አገባው? ኢዳን ፊቱን እንኳ አልከለለም። ቀና ብሎ አየኝና ዓይኑን መለሰ።

ማን ጠጣ አለው? ማን ንዳ አለው?

ማክሰኞ፣ ማርች 10

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ፍርድ ቤት ዋልን። የቤት ውስጥ እስር ሆነ። ከቤት እንዳይወጣ፣ ብቻውን እንዳይሆን፣ ከአምባው ቤተሰብ ጋር በራሱም ሆነ በሌላ ሰው በኩል እንዳይነጋገር፤ ምስክሮች ናቸውና። ጠባቂዎቹ እኔና ሚስቴ ወርቂቱ። እሷ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋን አትተውም፤ ስለዚህ እኔ ከምሠራበት መጋዘን ፈቃድ ጠየቅሁ። የገዛ ልጄ ዘበኛ ሆንሁ።

ዓርብ፣ ማርች 13

ናታሊ መጣች። መንግሥት ያቆመልን ጠበቃ ናት። ወላጆቿ የጎንደር ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ አማርኛዋ በዕብራይስጥ የተለወሰ ነው። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀቶቿን ዘርግታ ክሱን ታስረዳኝ ጀመር።

«ጋሼ ውዱ፣ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሰክሮ መንዳት። ሁለተኛው በሰው ላይ ከባድ ጉዳት ማድረስ። የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው።»

«ያን ያህል አልጠጣም እኮ» አልኋት።

«ከሃያ አራት ዓመት በታች ለሆነ ሹፌር ትንሹም ብዙ ነው። እርስዎ ቢሆኑ ምናልባት ያልፉ ነበር። እሱ አያልፍም።»

ስለ መዝገቡ ጠየቅኋት። ከተፈረደበት ስሙ ፖሊስ ዘንድ ይጻፋል። እስር ካልገባ ሰባት ዓመት ቆይቶ ከቀጣሪዎች ይሸፈናል፤ ከዚያ ሌላ አሥር ዓመት ቆይቶ ይሰረዛል። የእሳት አደጋው ኮርስ ደግሞ ሰባት ዓመት ቆሞ አይጠብቅም።

«ልጄ ንጹሕ ሰው የሚሆነው አርባ ሊሞላው ሲል ነው ማለት ነው?»

«ቤሰደር፣ እሺ ጋሼ፣ አሁን እሱን እንተወው። አሁን የማስበው እስር ቤት እንዳይገባ ነው።»

ኢዳን በሩ ላይ ተደግፎ ይሰማ ነበር። ናታሊ ዞር ብላ፣ «ኢዳን፣ ማን ነው የቀዳልህ? ለዳኛ መንገር ይጠቅማል» አለችው።

«ራሴ ነኝ የቀዳሁት» አላት።

እንግዲህ ራሱ ካለ ራሱ ነው። ሌላ ምን ልጻፍ።

ረቡዕ፣ ማርች 18

መስኮታችን ተሰበረ። የሁለት ጡጫ ያህል ድንጋይ፣ ልጄ ሳፒር የትምህርት ቤት ሥራዋን ከምትሠራበት ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። የመስተዋቱ ስባሪ ጉንጯን ሰነጠቃት። ወደ ታች ስመለከት የአምባው ትልቁ ልጅ፣ ሰይፉ፣ መሀል መንገድ ላይ ቆሟል። አልሸሸም።

«ኢዳን፣ ውረድ! አባቴን ሰብረህ ከእናትህ ቀሚስ ስር ትደበቃለህ? ያላ፣ ውረድ! አንተ ካልወረድህ እኔ እወጣለሁ፤ ዳሌህን ነው የምሰብረው!»

ጎረቤቱ ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ ያያል። ኢዳን ወደ በሩ ሮጠ። አንገቱን አንቄ ከግድግዳው ጋር አጋጨሁት። ከወረደ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ጣሰ፤ ከጣሰ እስር ቤት ገባ። ስለዚህ ነው ያጋጨሁት። ወርቂቱ ግን የሳፒርን ደም እየጠረገች፣ «ሰይፉስ ድንጋይ ነው የወረወረ፤ አንተ የምትወረውረው እጅህን ነው» አለችኝ። ሴት ናት፤ አይገባትም።

ፖሊስ አልጠራንም። ድንጋዩን በረንዳው ጥግ አስቀመጥሁት። ለምን እንዳልጣልሁት አላውቅም።

እሑድ፣ ማርች 22

ወርቂቱ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና ሳትል፣ «የመኪናው ቁልፍ ያን ዕለት የት ነበር?» አለችኝ።

«ጠረጴዛ ላይ።»

«አንተ ቁልፍህን ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለህ?»

ሳህኑን ግድግዳው ላይ ፈጠፈጥሁት። ሰው በልጁ ተዋርዶ ሳለ የቁልፍ ጥያቄ ይጠየቃል? እውነት ነው፣ ቁልፌን ስተኛ እንኳ ትራሴ ስር ነው የማደርገው። መጋዘንም ሳለሁ ከሱሪዬ ኪስ አይወጣም። ግን በግብዣ ቀን ሰው ይዘናጋል።

ስባሪውን ኢዳን ለቀመው። አንድም ቃል አልተነፈሰም። ይህ ዝምታው ነው የሚያበግነኝ።

ሰኞ፣ ማርች 30

ወርቂቱ ቤት ስለነበረች ለዳቦ ወደ ማኮሌቱ፣ ወደ ሰፈሩ ሱቅ፣ ወረድሁ። ከመደርደሪያው ወዲያ ሁለት ሴቶች ያወራሉ፤ አላዩኝም።

«የውዱ ልጅ እኮ ጨዋ ነበር።»

«ምን ጨዋነት አለ! የጠጣ ሁሉ ያው ነው። ግን እኔ ያን ዕለት እዚያ ነበርሁ፤ ልጁ መጀመሪያ ላይ ኮካ ኮላ ነበር የያዘው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ እንጃ።»

ዳቦውን ትቼ ወጣሁ። የሰው ቤት ገብቶ በልቶ ጠጥቶ፣ ወጥቶ ማማት! ደረጃው ላይ የብረት መደገፊያውን በጡጫዬ መታሁት፤ አሁን ትንሿ ጣቴ አብጣ አትታጠፍም። ይህን የምጽፈው በሦስት ጣት ነው።

እሑድ፣ ኤፕሪል 5

የፋሲካ ራት ከትናንት ወዲያ ነበር። ትናንት ሰንበትም በዓልም ስለነበር አልጻፍሁም።

በፋሲካ ራት አራት ብርጭቆ ወይን መጠጣት ግዴታ ነው። አገር ቤት ይህን አናውቅም ነበር፤ እዚህ ገብተን የተማርነው ነው። ኢዳን ብርጭቆውን ደፍቶ አስቀመጠ። «ትእዛዝ ነው» አልሁት። «ጭማቂ እጠጣለሁ፤ ይቻላል» አለኝ። ብርጭቆውን አቃናሁና ወይኑን ቀዳሁ። «አንዲት ጉንጭ» አልሁት፤ «በሞቴ!»

ከአፌ ያመለጠኝ ነው። ወርቂቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሳፒር ጉንጯ ላይ ያለውን ጠባሳ እየነካካች እኔን ትታ ወንድሟን አየችው። ኢዳን ብርጭቆውን አንሥቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ፤ ሲደፋው ሰማሁ። ተመልሶ ተቀመጠና፣ «ቀጥል፣ አባ» አለኝ። ከግብጽ ስለ መውጣት የምናነበውን ቀጠልሁ።

በሞቴ ማለት ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነ? እንግዳ ሲያቅማማ በሞቴ ይባላል። ልጅ እንቢ ሲል በሞቴ ይባላል። ለእኔም አባቴ ብሎኛል፤ ጠጥቻለሁ፤ አልሞትሁም። ያለ በሞቴ ግብዣ ምን ወግ አለው? እንግዳን በታክሲ መሸኘትስ ምን ወግ አለው? ከእኔ ቤት የወጣ ሰው በታክሲ ሄደ ቢባል ማን ነው የሚያፍረው?

ማንም ሳይከሰኝ ለምን እንደምከራከር አላውቅም። ሌሊቱ ረዘመብኝ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 13

አባ አለበል መጡ። በሰፈራችን ተጣልቶ በእሳቸው ያልታረቀ ባልና ሚስት የለም።

«ሰይፉ ቢላዋ ይዞ ነው የሚዞረው» አሉኝ። «አምባው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገብቷል፤ በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ነገር ሲውል ሲያድር ይከረፋል። ድንጋይ ተሸክሞ መሄድ ነው።»

«እኔም ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ነበር፣ አባቴ። አንቱ ካሉ እሄዳለሁ።»

በአገራችን አጥፊ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳይ እግር ላይ ይወድቃል። ተበዳይ «አውርዱለት» ካለ ታረቀ። የፈሰሰ ደም እንኳ በዚህ ይደርቃል። ለናታሊ ብደውልላት ጮኸችብኝ።

«ጋሼ፣ ዳይ፣ ይብቃ! ይሄ ምስክር ማስፈራራት ነው የሚሉት! ሽማግሌ ይዛችሁ፣ ድንጋይ ይዛችሁ ምስክር ቤት? ኢዳን በዚያው ቀን ይታሰራል!»

«ይቅርታ መጠየቅ ነው ወንጀሉ?»

«የከሰሰው መንግሥት እንጂ አቶ አምባው አይደሉም። አቶ አምባው ቢምሩት መንግሥት አይምረውም። በእናትዎ፣ ከቤት እንዳይወጡ።»

የተሰበረው አምባው፤ የተቆጣው መንግሥት። እንዲህ ያለ ጉድ የት ይታያል?

እሑድ፣ ኤፕሪል 19

ናታሊ ልጅ ናት። የሰይፉን ቢላዋ አላየችውም። ወርቂቱ ቤት በነበረችበት ጠዋት፣ ከበረንዳው ያንኑ ድንጋይ አንሥቼ ከረጢት ውስጥ ከተትሁና ከአባ አለበል ጋር በአውቶቡስ ሄድን።

አምባው ግቢው ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰይፉ ሥራ ላይ ነው። የአምባው ፊት ተመጥምጦ፣ አንድ ዓይኑ ወደ ጎን ዞሯል። ልጅ ሳለን ዳገት ላይ የሚቀድመኝ እሱ ነበር። ድንጋዩን አንገቴ ላይ አድርጌ ተንበረከክሁ። ድንጋዩ ሥጋዬን ይቆረቁረኝ ጀመር።

«ለማን ነው የተሸከምኸው?» አለኝ።

«ለልጄ። ራሱ እንዳይመጣ ሕግ ከለከለው።»

«ለልጅህ።»

«ለልጄ።»

«ያን ዕለት ታክሲ ልጥራ ብዬ ስልኬን አውጥቼ ነበር። ማን እንደቀማኝ ትዝ ይልሃል?»

አባ አለበል አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያሉ።

«በል ድንጋይህን ይዘህ ወደ ቤትህ ግባ፣ ውዱ። ለራስህ የተሸከምህ ዕለት ና።»

አውርዱለት አላለም። ራሴ አውርጄ፣ ከረጢቴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ አባ አለበል፣ «ስለ ስልኩ ምን ማለቱ ነው?» አሉኝ።

«ጭንቅላቱ ተመትቷል እኮ፣ አባቴ» አልኋቸው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 21

ወሰዱት። ሰይፉ ከሷል። ድንጋይ ይዘው መጥተው አባቴን አስፈራሩት ብሎ። ሁለት ፖሊሶች። ኢዳን የጫማውን ክር አሰረ። «አባ፣ ምን አደረግህ?» አለኝ።

ወርቂቱ ደረቴን በጡጫ ደበደበችኝ። ቆሜ ተመታሁላት።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 24

ተመለሰ። የነጻነት በዓልን እስር ክፍል ውስጥ አሳለፈው፤ ርችቱን ከግድግዳው ወዲያ ሰማሁት አለን። ከንፈሩ ተተርትሯል። አብሮት የታሰረ ሰው ነው የመታው፤ በምን ምክንያት እንደሆነ አይናገርም። ሰው ሁሉ እየመታው ነው፤ ይህ ልጅ አንድም ሰው መልሶ አልመታም።

ናታሊ በር ላይ ቆማ፣ ሳትገባ፣ «ዐቃቤ ሕጉ አሁን እስር ይፈረድበት እያለ ነው» አለችኝ። «ቀድሞ አላለም ነበር። አሁን አለ።» የገዛ እጄ ነው። ይህን አልክድም፤ ድንጋዩን ይዤ የሄድሁት እኔ ነኝ።

እሑድ፣ ሜይ 3

ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። ፖሊስ አንድ የእኛን ወታደር ደበደበ ብለው የእኛ ልጆች ቴል አቪቭ አደባባይ ሞልተዋል፤ ፈረሰኛ ፖሊስ፣ የውሃ መድፍ፣ ጭስ። አመሻሹ ላይ ኢዳን ጫማውን አጠለቀ።

«ጓደኞቼ ሁሉ እዚያ ናቸው። በባቡር እሄዳለሁ።»

«አንተ ነጻ ሰው አይደለህም! ተቀመጥ!»

«አባ፣ ከበሩ ዞር በል።»

«አልልም! እሳት አመድ ይወልዳል ያሉት ላንተ ነው! ሰካራም! ሰው ሰባሪ!»

ቀበቶዬን ፈትቼ ሰነዘርሁ። የብረት ዘለበቱ ጆሮውን በጣው፤ ደሙ አንገቱ ላይ ወረደ። ሁለተኛ ስሰነዝር እጄን ያዘኝ። ከበሩ ጋር አጣብቆ ክንዱን ጉሮሮዬ ላይ አደረገው። እንዲህ ጉልበት እንዳለው አላውቅም ነበር።

«ሰካራም? ለፖሊስ ዝም አልሁ። ለናታሊ ዝም አልሁ። እስር ቤት ተደበደብሁ፣ ዝም አልሁ። ለማን ብዬ ነው ዝም ያልሁት? ንገረኝ፣ አባ! ለማን?»

ትንፋሽ አጠረኝ፤ ጠረጴዛው፣ መብራቱ ሁሉ ጠቆረብኝ። ሳፒር እየጮኸች መጥታ ክንዱን ነከሰችው። ለቀቀኝ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ልጅ በአባቱ ላይ እጁን አነሣ። ጉሮሮዬ ምራቅ ስውጥ ያመኛል። ስለ ምን ዝም እንዳለ አልገባኝም።

ሰኞ፣ ሜይ 4

ገብቶኛል።

ረቡዕ፣ ሜይ 20

ፍርድ ቤቱ ስለ ኢዳን ጠባይ አጥንታ እንድትጽፍ የላካት መኮንን ጽፋ ጨርሳለች። ባለፈው ሳምንት ቤታችን መጥታ ለየብቻ አነጋግራን ነበር። ማን ቀዳለት ስትለኝ፣ «እንጃ፣ ጓደኞቹ ይሆናሉ» አልኋት። ኢዳን ደግሞ ራሴ ብሏታል። ናታሊ ወረቀቱን አነበበችልን። ወጣቱ አንድ ነገር ይደብቃል፣ አባቱ የሚለውና እሱ የሚለው አይገጥምም፣ ስለ አጠጣጡ እውነቱን ካልተናገረ ለቀላል ቅጣት ልንደግፈው አንችልም ይላል።

ኢዳን ጣሪያውን እያየ ሰማ። ጆሮው ላይ ያለው ቁስል እከክ ይዟል።

ልጁ የአባቱን ነውር ሸፈነ። አባቱ ደግሞ ሸፋኙን በቀበቶ ገረፈው። እንዲህ ብዬ ጻፍሁትና አንዴ ሰረዝሁት፤ እንደገና ጻፍሁት።

እሑድ፣ ጁን 7

የእሳት አደጋው ኮርስ ዛሬ ተጀመረ። ያለ እሱ። ጠዋት ኢዳን ከኮርሱ ተልኮለት የነበረውን ሸሚዝ በመቀስ ቆራርጦ ለሳፒር የመስኮት መጥረጊያ አድርጎ ሰጣት። አልከለከልሁትም። በምን አፌ?

ሐሙስ፣ ጁን 11

ለናታሊ ነገርኋት። በስልክ አልሆንልኝ ስላለ ቢሮዋ ድረስ ሄጄ ነው። ምን እንደነገርኋት እዚህ አልጽፈውም። «መቅዳት በሕግ አያስከስስም፣ ጋሼ። ጥፋቱ የነጂው ነው» አለችኝ።

«አያስከስስም?»

«አያስከስስም። ግን ዳኛዋ ፊት ቆመው ይናገሩታል?»

እንዲያስከስስ ነበር የፈለግሁ። ቢያስከስስ ይቀጡኛል፤ ቅጣቴን ጨርሼ እወጣለሁ፤ መዝገቤም ሰባት ዓመትና አሥር ዓመት ቆይቶ ይሰረዛል። የማይከሰስ ሰው መዝገቡን የት ሄዶ ያሰርዛል? ወደ ቤት ስመለስ ኢዳን በሩን ከፈተልኝ፤ ልነግረው አፌን ከፍቼ፣ «በልተሃል?» አልሁት።

ሰኞ፣ ጁላይ 6

አባ አለበል ወሬ ይዘው መጡ። ሰይፉ የአውቶቡስ ሹፌር ሊሆን አመልክቷል፤ የወንጀል መዝገቡ ተጣርቶ እስኪመጣ ይጠብቃል። ትንሽ ነገር ከተገኘበት አይቀጥሩትም።

እኔ ክፉ ሰው ነኝ፤ ደስ አለኝ። አንዲት ስልክ ብደውል አለቀለት። የተሰበረው መስኮት አለ፣ የሳፒር ጉንጭ አለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አይቷል። ልጄን እንዳሳሰረው አሳስረዋለሁ። ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥቼ አስቀመጥሁት። ሦስተኛ እንዳላነሣው ወርቂቱ ከእጄ ወሰደችው።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 14

አንድ ዓይኔ አብጦ ተከድኗል፤ ፊደሉ ቢጣመም ለዚህ ነው። ሁሉንም ዛሬውኑ ልጻፈው።

ጠዋት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ዘበኛው ከረጢቴን ፈትሾ ድንጋዩን አወጣ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ድንጋይ ነው።»

«ለምን?»

«ለአንገቴ።»

እንደ እብድ አየኝ። ስትወጣ ትወስደዋለህ ብሎ ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት።

ውስጥ አምባው በወንበሩ፣ ሰይፉ ከኋላው ቆሞ። ናታሊ የተከሳሹ አባት መናገር ይፈልጋል ስትል ኢዳን ዞር ብሎ፣ «አባ፣ ተቀመጥ» አለኝ። አልተቀመጥሁም። አስተርጓሚው አጠገቤ ቆመ።

«ልጁ የያዘው ኮካ ኮላ ነበር» አልሁ። «ውስኪውን የቀዳሁለት እኔ ነኝ። እንቢ ሲል በሞቴ አልሁት። ሲጨርስ ደግሜ ቀዳሁ፤ ደግሜ በሞቴ አልሁት። አምባው ታክሲ ልጥራ ሲል ስልኩን ቀማሁት። ኢዳን ጠጥቻለሁ፣ አልነዳም አለኝ። ሰው ፊት አታሳፍረኝ ብዬ ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ እጁ ላይ ያስቀመጥሁ እኔ ነኝ።»

ዳኛዋ አስተርጓሚውን አስቁማ፣ «ልጁ ካልጠጣ አባቱ ይሞታል ማለት ነው?» አለችው።

«አዎ፣ ክብርት ዳኛ» አልሁ እኔ። «እንዲያ ነው የምንለው። እኔ ግን አልሞትሁም።»

ጥፋተኛ ተባለ። መንጃ ፈቃዱ ለአምስት ዓመት ተነጠቀ። እስሩ በገደብ ሆነ፤ ለሕዝብ ጥቅም ሦስት መቶ ሰዓት ይሠራል። እስር ቤት አይገባም። ስሙ ግን ተጽፏል፤ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ሌላ አሥር። ኢዳን ወደ እኔ መጥቶ የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከለልኝ።

ሲያበቃ ድንጋዬን ከዘበኛው ተቀበልሁ። ከእንግዲህ የሚከለክል ትእዛዝ የለም፤ ናታሊን ጠይቄያታለሁ። ከበሩ ውጭ ሰይፉ የአባቱን ወንበር እየገፋ ይሄድ ነበር። ቀድሜያቸው፣ ድንጋዩን አንገቴ ላይ አድርጌ አስፋልቱ ላይ ተንበረከክሁ። አላፊ አግዳሚው ቆመ።

«ለማን ነው?» አለ አምባው።

«ለራሴ።»

ሰይፉ ቀደመው። «አንተ ነህ! ስንት ወር ልጁን ስፈልግ፣ አንተ ነህ!» እግሩ ይሁን ጡጫው አላየሁም። ድንጋዩ ወደቀ፤ እኔም በፊቴ ወደቅሁ፤ ጥርሴ ሲሰበር ሰማሁት። ዓይኔን መታኝ። ጎኔን መታኝ። ኢዳን ጡጫውን ጨብጦ ሲሮጥ አየሁትና፣ በደም በተሞላ አፌ፣ «ቁም!» አልሁት። ቆመ።

ያው ዘበኛ ከአንድ ፖሊስ ጋር ሮጦ መጣ። ሰይፉ ከአባቱ ወንበር ጀርባ ተመልሶ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ፖሊሱ አጎንብሶ፣ «ማን ነው የመታህ? ክስ ትመሠርታለህ?» አለኝ።

ልጁ አውቶቡስ ሊነዳ ነው። ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ሌላ አሥር።

«ድንጋዩ ነው» አልሁት። «ከአንገቴ ወድቆ መታኝ።»

ፖሊሱ ድንጋዩን አየ፤ ዘበኛውን አየ። ዘበኛው፣ «ተወው፣ ጠዋትም ይዞት መጥቶ ነበር፤ እብድ ነው» አለው። ትንሽ አመንትተው ተመለሱ።

አምባው ለሰይፉ፣ «አንሣ» አለው።

ሰይፉ ወደ ድንጋዩ አጎነበሰ።

«ድንጋዩን አላልሁህም» አለው አምባው።

ሰይፉ በአንድ ወገን፣ ኢዳን በሌላው ወገን ብብቴ ውስጥ ገብተው አነሡኝ።